የደከመ ባሌስትራ፦ ማስቀጥቀጥ፣ ቅጠል መጨመር ወይስ አዲስ መግዛት?

መኝታ የተሠራላት አሮጌ ሚኒባስ ይዛችሁ ደብረ ብርሃን ጋራዥ ግቡ። ኋላዋ ወርዷል፣ አፍንጫዋ ሽቅብ ያያል። ኋላዋን የሚሸከመው ባሌስትራ፣ ማለትም ተደራርበው የታሰሩት ጎባጣ የብረት ቅጠሎች፣ የደከመ ይመስላል። አንዱ መካኒክ «ባሌስትራውን አስቀጥቅጠው፣ ይነሣል» ይላችኋል። ሌላው «አንድ ቅጠል ጨምርበትና ተገላገል» ይላል። ዕቃ ሻጩ ከአዲስ በታች አይናገርም። ቴሌግራም ላይ ቪዲዮ ያየ ጓደኛ ካላችሁ ደግሞ ባሌስትራውን የሚያግዝ፣ አየር የሚሞላ የአየር ባሎን ያነሣል። አራቱም አልዋሹም። ግን አንዳቸውም መኪናችሁን አልመዘኑም።

የኔዋ አሮጌ ቶዮታ ሃይስ ናት። ወንበሮቿን አውጥቼ አልጋ፣ መደርደሪያ፣ የውሃ ታንከር፣ የቡታጋዝ ምድጃና ተጨማሪ ባትሪ አስገብቼላታለሁ። ከደብረ ብርሃን ተነሥተን ጓሳ እንወጣለን። አንኮበር እናድራለን። ውርጩ ሲበረታ ጣርማ በርን ወርደን ሸዋ ሮቢት ሙቀት ፍለጋ እንሄዳለን። ከዚህ በታች ከጻፍኳቸው አማራጮች ሁለቱን በራሷ ላይ ሞክሬያለሁ። አንዱ መንገድ ላይ አስቀርቶናል። ሌላ ሰው ያንን እንዳይደግም ነው ይህን የምጽፈው።

መጀመሪያ፦ የደከመው ባሌስትራው ነው?

ብዙ ሰው መኪናው ሲወርድበት አሞርዛተር ይቀይራል። አሞርዛተር መኪና አይሸከምም። ሥራው መንጠሩን ማብረድ ነው። ጭነቱን የሚሸከመው ባሌስትራው፣ ሞላው ወይም ቶርሽን ባሩ (እየተጠመዘዘ የሚሸከም የብረት ዘንግ) ነው። ስለዚህ መኪናችሁ ጉድጓድ አልፋ ሦስት አራት ጊዜ የምትወዛወዝ ከሆነ አሞርዛተር እዩ። ቆማ ሳለ ኋላዋ የወረደ ከሆነ ግን አሞርዛተር መቀየር ገንዘብ ማባከን ነው።

ልኬቱ ቀላል ነው። መኪናዋን ደልዳላ ቦታ አቁሙ። የጎማውን አየር አስተካክሉ። ከቸርኬው መሃል ቀጥታ ወደ ላይ እስከ ፓራፋንጎው ጠርዝ በሜትር ለኩ። አራቱንም ጎማ ለኩና ወረቀት ላይ ጻፉ። በግራና በቀኝ መካከል ሁለት ሴንቲ ሜትርና ከዚያ በላይ ልዩነት ካለ አንዱ ወገን ደክሟል፣ ወይም ቅጠል ተሰብሯል። ወይም ደግሞ ውሃውንም ባትሪውንም በአንድ ጎን ደርድራችኋል። ይህን የመጨረሻውን አትናቁት፣ የኔዋ ላይ አንድ ሴንቲ ሜትር ያህሉ ከዚያ የመጣ ነበር።

ከዚያ ባትሪ መብራት ይዛችሁ ሥሯ ግቡ። ቅጠሎቹ በጎን ተንሸራትተው እንደሆነ እዩ። በቅጠሉ ላይ አግድም የሚሄድ ቀጭን የዝገት መስመር ካለ ስንጥቅ ነው። አክስሉ ሽቅብ ሲመጣ የሚያርፍበትን ወፍራም ጎማ ተመልከቱ። ፊቱ ተላልጦ ካብረቀረቀ አክስሉ በየጉድጓዱ እየመታው ነው ማለት ነው። በባሌስትራው ጫፎች ያሉት ጎሚኒዎች (ብሎኖቹ የሚያልፉባቸው የጎማ ቀለበቶች) አልቀውም ይሆናል። አንዳንዴ የሚያንቋቋው ጎሚኒው ብቻ ሆኖ ይገኛል፣ ያኔ ወጪው በጣም ትንሽ ነው።

መኝታ ያለባት መኪና ለምን ትለያለች?

የታክሲ ሚኒባስ ሰው ይሞላል፣ ያራግፋል። ማታ ባዶውን ያድራል። ባሌስትራውም ያርፋል። የኛዋ ጭነቷን አታራግፍም። አልጋው ሌሊትም እዚያው ነው፣ ታንከሩም እንደዚያው። ብረት ሁልጊዜ ተጭኖ ሲኖር ቀስ በቀስ ይለጠጥና ወደ ቀድሞ ቅርጹ መመለሱን ይተዋል።

ጭነቱን እስቲ አብረን እንደምረው። አንድ ሊትር ውሃ አንድ ኪሎ ነው፤ ሦስት ባለ 20 ሊትር ጀሪካን 60 ኪሎ ማለት ነው። 12.5 ኪሎ ጋዝ የሚይዘው ሲሊንደር ከነብረቱ 25 ኪሎ ገደማ ይመዝናል። 100 አምፔር ሰዓት የሚይዝ የእርሳስና አሲድ ባትሪ 30 ኪሎ ገደማ ነው። ሦስቱ ብቻ 115 ኪሎ ሆኑ። አልጋው፣ ቁም ሳጥኑ፣ ፖርቶ መጋላው፣ ትርፍ ጎማው ገና አልተቆጠሩም። ሰውም አልተሳፈረም። አብዛኛው ደግሞ የሚያርፈው ከኋላ አክስል በላይ ወይም ከእሱ ወዲያ ነው።

ስለዚህ ባሌስትራ ከመግዛታችሁ በፊት አንድ ነገር አድርጉ። መኪናዋን ለጉዞ እንደምትነሡ አድርጋችሁ ጫኑና የጭነት መኪና በሚመዘንበት የምድር ሚዛን ላይ አስመዝኗት። መጀመሪያ ሙሉዋን፣ ከዚያ የፊት ጎማዎቹን ብቻ፣ ከዚያ የኋላዎቹን ብቻ። ሦስት ቁጥር ይዛችሁ ትወጣላችሁ። ሙሉ ክብደቷን ሊብሬው ላይ ከተጻፈው የባዶ ክብደቷና የመጫን አቅሟ ድምር ጋር አስተያዩት። ካለፈ ማንኛውም ባሌስትራ ሕጋዊም ደህናም አያደርጋትም፣ ዕቃ ነው የሚቀነሰው። ጠንካራ ባሌስትራ አክስሉን፣ ኩሽኔታውንና ፍሬኑን አያጠነክርም።

በምን እንመዝናቸው?

እኔ አምስት ነገር እጠይቃለሁ። ቋሚ ጭነቴን ሳይለጠጥ ይሸከማል? ኮረኮንች ላይ ዕቃዬንና ወገቤን አይሰብርም? ፍሬኑ ላይ ለውጥ ያመጣል? መሐል ሜዳ ከተማ ወይም ደብረ ሲና ላይ ቢበላሽ የሚሠራልኝ አገኛለሁ? ወጪውስ ለስንት ዓመት ሲከፋፈል ነው? ዋጋ በብር አልጽፍም፣ በየወሩ ይለዋወጣል። የማነሱና የመብለጡ ቅደም ተከተል ግን እንዳለ ነው።

አሮጌውን ማስቀጥቀጥ

ከሁሉም ርካሹ ይህ ነው። በአንድ ቀን ያልቃል። ዕቃ ፍለጋ አዲስ አበባ አያስኬድም። እኔም የጀመርኩት በዚህ ነው።

የባሌስትራ ብረት ተራ ብረት አይደለም። ሲመረት ግሎ ዘይት ውስጥ ይነከራል፣ ከዚያ እንደገና በልኩ ሞቆ እንዲረጋ ይደረጋል። ታጥፎ የሚመለሰው በዚህ ምክንያት ነው። ከሰል ላይ አግላችሁ ስትቀጠቅጡት ይህ ሁሉ ይጠፋል። ዝም ብሎ ከቀዘቀዘ ለስላሳ ይሆንና ቶሎ ይተኛል። ውሃ ውስጥ ከተነከረ እንደ ብርጭቆ ይደርቅና ይሰበራል።

የኔው ውሃ ውስጥ ነው የገባው። ቆሜ አይቻለሁ። ቅጠሉ ቀልቶ ወጣ፣ በመዶሻ ታጠፈ፣ በርሜል ውስጥ ቸስ አለ። ደስ ብሎኝ ነበር። መኪናዋ አራት ጣት ያህል ከፍ ብላ ወጣች።

በአራተኛው ወር ከጣርማ በር ወደ መሐል ሜዳ በሚወስደው መንገድ ላይ ነበርን። ጉድጓዱ ትልቅ አልነበረም። ቋ! አለ፣ እንደ እንጨት ፍልጥ። ቀኝ ኋላዋ ዘመመ። ዋናው ቅጠል ብሎኑ ከሚገባበት ቀለበት ሥር ለሁለት ተቆርጧል። ልጆቹ ከነብርድ ልብሳቸው ወረዱ። ንፋሱ ያቃጥላል። አንድ የአይሱዙ ሹፌር ሳንጠራው ቆመልን። የባህር ዛፍ ቁራጭ በሻንሲውና በአክስሉ መካከል ደግፎ በሽቦ ጠፈረልን። «አይዞህ ወንድሜ፣ ሁለተኛ ማርሽ እንዳታልፍ» ብሎ ከኋላችን እያጀበ እስከ ከተማው አደረሰን። እግዜር ይስጠው።

የተሰበረውን ቁራጭ እስካሁን አልጣልኩትም። የተቆረጠበትን ፊት ብታዩት ሁለት ቀለም አለው። ከጠርዙ በኩል የጥፍር ቅርጽ ያለው ጥቁር ዝገት አለ። የቀረው እንደ ስኳር ፍሬ ያብረቀርቃል። ጥቁሩ ከቀጠቀጡት በኋላ ቀስ እያለ ሲሰነጠቅ የቆየው ነው። የሚያብረቀርቀው የዚያን ቀን የተሰበረው። ማለትም ስንጥቁ ሳምንታት ሙሉ እዚያው ነበር፣ እኔ ግን ሥሯ ገብቼ አላየሁም።

ማስቀጥቀጥ ፈጽሞ አይሁን አልልም። ስንጥቅ የሌለው፣ ትንሽ ብቻ የወረደ ባሌስትራ ያለ እሳት በመጫኛ ማሽን ወይም በመዶሻ ቀስ ተብሎ ቢታጠፍ ለጊዜው ያገለግላል። ተመልሶ እንደሚተኛ ግን ዕወቁ። በእሳት ከሆነ ሁለት ጥያቄ ጠይቁ፦ «ከእሳት ሲወጣ ምን ውስጥ ትነክሩታላችሁ? ከዚያስ መልሳችሁ ታሞቁታላችሁ?» መልሱ ዘይት ካልሆነና ሁለተኛ ማሞቅ ከሌለ መኪናችሁን ይዛችሁ ውጡ።

ቅጠል መጨመር

በየጋራዡ በብዛት የሚመከረው ይህ ነው። ባለ አራት ቅጠል ባሌስትራ ላይ አንድ ተመሳሳይ ቅጠል ሲጨመር ጥንካሬው በሩብ ገደማ ያድጋል። ይህ ለብዙዎቻችን በቂ ነው። ችግሩ ውፍረት ሲቀላቀል ነው። የቅጠል ጥንካሬ ውፍረቱ ሲጨምር በጣም ይዘላል። ባለ 7 ሚሊ ሜትር ቅጠል በባለ 8 ሚሊ ሜትር ቢተካ የዚያ ቅጠል ጥንካሬ በግማሽ ያህል ይጨምራል። አንዲት ሚሊ ሜትር! ስለዚህ ከአይሱዙ የወጣ ወፍራም ቅጠል ተቆርጦ ሚኒባስ ሥር ሲገባ መኪናዋ ጋሪ ትሆናለች። ኮረኮንች ላይ የመደርደሪያው ብሎን ይፈታል፣ ሰሃኑ ይንኳኳል፣ ወገብ ያልቃል።

ሌላም አለ። የተጨመረው ቅጠል ከሌሎቹ ይበልጥ የጎበጠ ከሆነ ጭነቱን ብቻውን ይሸከማል፣ አብሮም ቶሎ ይሰበራል። አሮጌው ዋና ቅጠልም ያው አሮጌ እንደሆነ ይቀራል። ቅጠል መጨመር ጥሩ የሚሆነው ባሌስትራው ገና ደህና ሆኖ ጭነቱ ሲጨምር ነው። ለደከመ ባሌስትራ ግን መፍትሔ አይደለም።

ያገለገለ ሙሉ ባሌስትራ

አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ሄዳችሁ ከተመሳሳይ ሞዴል የወጣ ጥንድ ልታገኙ ትችላላችሁ። ኪስ ለሳሳበት ሰው ከማስቀጥቀጥ የተሻለ ነው፣ ብረቱ ከፋብሪካ እንደወጣ ነውና። ግን ዓይን ይፈልጋል። አሮጌውን ፈትታችሁ ይዛችሁ ሂዱ። ከቀለበት እስከ ቀለበት ርዝመቱን፣ ስፋቱን፣ የቅጠሉን ቁጥርና ውፍረት አመሳክሩ። ሁለቱን ጎን ለጎን መሬት ላይ ገልብጣችሁ አስቀምጡ። ጉብጠታቸው እኩል ካልሆነ ተዉት። አንዱን ከአንድ ሱቅ፣ ሌላውን ከሌላ ሱቅ አትግዙ። አዲስ ጥቁር ቀለም የተቀባ ከሆነ በሽቦ ብሩሽ ፈቅፍቁት። ሻጩ እምቢ ካለ ምክንያት አለው።

አዲስ ሙሉ ባሌስትራ

ውዱ ይህ ነው። ለዓመታት ሲከፋፈል ግን ለኔ ርካሹ ሆኖ ተገኝቷል። ከዚያ ቅጠል መሰበር በኋላ አዲስ ጥንድ አስገባሁ። በሚዛኑ ላይ ያገኘሁት የኋላ ክብደት ከተፈቀደላት በታች ስለነበር መደበኛውን ነው የመረጥኩት። ዕቃ ሻጩ «ለጭነት የሚሆን ከባዱን ውሰድ» ብሎኝ ነበር። እምቢ ያልኩት ያ ቁጥር በእጄ ስለነበረ ነው።

ከባዱ የሚያስፈልገው የኋላ ክብደታችሁ ዓመቱን ሙሉ ከተፈቀደው ጠርዝ አጠገብ ከሆነ ነው። ቅዳሜ ብቻ ለሚጫን መኪና ከባድ ባሌስትራ መግዛት ስድስት ቀን መንገላታት ነው።

አዲስ ስታስገቡ አሮጌ ብሎን አትመልሱ። ባሌስትራውን ከአክስሉ ጋር የሚያስሩት የዩ ቅርጽ ብሎኖች አንዴ በኃይል ሲጠብቁ ይለጠጣሉ። ዳግም ሲታሰሩ አይይዙም። እነሱን፣ የመሃሉን ብሎንና ጎሚኒዎቹን አብራችሁ ግዙ። አንድ ነገር ደግሞ ቆማችሁ አሠሩ፦ የጫፎቹ ብሎኖች የመጨረሻውን ማጥበቅ የሚጠብቁት መኪናዋ ከክሪክ ወርዳ በጎማዋ ስትቆም ነው። ተንጠልጥላ ሳለ ከጠበቁ ጎሚኒው ተጠምዝዞ ይቀርና በወራት ውስጥ ይቀደዳል።

ረዳቶች፦ የአየር ባሎንና የጎማ ረዳት

ጭነታችሁ የሚለዋወጥ ከሆነ እነዚህ ጥሩ ናቸው። ባዶ ስትሄዱ አየሩን ትቀንሳላችሁ፣ ስትጭኑ ትሞላላችሁ። የግራውና የቀኙ ባሎን ግን የየራሱ መሙያ ይኑረው። በአንድ ቱቦ ከተገናኙ ኩርባ ላይ አየሩ ከተጫነው ወደ ቀለለው ይሸሻል። ጣርማ በር ቁልቁለት ላይ መኪናዋ ይብስ ትዘምማለች። ቱቦው ደግሞ ድንጋይና ጭቃ አይወድም፣ ሲቀደድ መለዋወጫው በየከተማው አይገኝም። በአክስሉና በሻንሲው መካከል የሚገባው ወፍራም የጎማ ረዳት ከዚህ ቀላል ነው፤ አየር የለው፣ ቱቦ የለው። ሁለቱም ግን የሞተ ወይም የተሰነጠቀ ባሌስትራ አያስነሡም።

የኋላዋ በሞላ ለሆነች፣ የፊቷ በቶርሽን ባር ለሆነች

አንዳንድ ሃይስ ከኋላ ሞላ አላት። ሞላ አይቀጠቀጥም፣ በእሳት አይለጠጥም። ሲደክም በጥንድ ይቀየራል። ከሥሩ የሚገባ ማስነሻ ቁመት እንጂ ጥንካሬ አይጨምርም። ሞላ ታፍኖ የሚፈታበት መሣሪያ የሌለው ጋራዥ አይንካው፣ ሲያመልጥ ሰው ይገድላል። ፊቷ ላይ ያለው ቶርሽን ባርም እንዲሁ ነው። ማስተካከያውን ብሎን ማጥበቅ መኪናዋን ያነሣል፣ የባሩን ጥንካሬ ግን አይለውጥም። የግራውና የቀኙ አይቀያየሩም።

ስለ ፍሬን የማይነገረው

ብዙ ሚኒባሶች ከኋላ አክስል ጋር በዘንግ የተያያዘ የፍሬን ማመጣጠኛ ቫልቭ አላቸው። ቫልቩ ጭነቱን የሚያውቀው በኋላው ቁመት ነው። ኋላዋ ሲወርድ «ተጭናለች» ብሎ ለኋላ ጎማ ብዙ ፍሬን ይሰጣል። ሲነሣ «ባዶ ናት» ብሎ ይቀንሳል። እናንተ ቅጠል ጨምራችሁ ኋላውን አምስት ሴንቲ ሜትር ስታነሡት መኪናዋ ተጭናም ቢሆን ቫልቩ ባዶ ናት ብሎ ያምናል። ሥራው ሁሉ የፊት ፍሬን ላይ ይወድቃል።

ሜዳ ላይ ላታውቁት ትችላላችሁ። ጣርማ በር ላይ ግን ይታወቃል። ጫፉ 3,200 ሜትር ገደማ ነው፣ ሸዋ ሮቢት ደግሞ 1,280 ገደማ። 1,900 ሜትር ያህል ቁልቁለት በፊት ፍሬን ብቻ ሲወረድ ፍሬኑ ይግላል፣ ይሸታል፣ ፔዳሉ ይለሰልሳል። ስለዚህ ቁመት በተቀየረ ቁጥር ቫልቩ መስተካከል አለበት። መካኒኩ «የትኛው ቫልቭ?» ካላችሁ ሌላ መካኒክ ፈልጉ። የፊት መብራቱም አብሮ ይስተካከል።

በአንድ እይታ

| አማራጭ | ቋሚ ጭነት | ምቾት | ዕድሜ | አካባቢው ላይ መሥራት | ወጪ |
|---|---|---|---|---|---|
| በእሳት ማስቀጥቀጥ | ደካማ | መካከለኛ | አጭር፣ ሊሰበር ይችላል | በቀላሉ | በጣም ዝቅተኛ |
| ያለ እሳት ማጉበጥ | ደካማ | ጥሩ | አጭር፣ ተመልሶ ይተኛል | በቀላሉ | ዝቅተኛ |
| ቅጠል መጨመር | ጥሩ፣ ባሌስትራው ደህና ከሆነ | ሻካራ | በአሮጌው ቅጠል ይወሰናል | በቀላሉ | ዝቅተኛ |
| ያገለገለ ጥንድ | መካከለኛ | ጥሩ | እንደ ዕድል | ዕቃው ከአዲስ አበባ | መካከለኛ |
| አዲስ መደበኛ | ጥሩ | ከሁሉ የተሻለ | ረጅም | መግጠሙ በቀላሉ | ከፍተኛ |
| አዲስ ከባድ | በጣም ጥሩ | ባዶውን ሻካራ | ረጅም | መግጠሙ በቀላሉ | ከፍተኛ |
| የአየር ባሎን | ረዳት ብቻ | ጥሩ | መካከለኛ | አስቸጋሪ | ከመካከለኛ እስከ ከፍተኛ |
| የጎማ ረዳት | ረዳት ብቻ | መካከለኛ | ረጅም | በቀላሉ | ከዝቅተኛ እስከ መካከለኛ |

ለማን የትኛው?

በዓመት ሁለት ሦስት ጊዜ ብቻ፣ በአስፋልት የምትጓዙ ከሆነና ባሌስትራው ስንጥቅ ከሌለው፣ ጎሚኒውን ቀይሩ፣ ዕቃ ቀንሱ፣ የጎማ ረዳት አስገቡ። ከዚያ በላይ አታውጡ።

ገንዘብ የሌላችሁ ግን ባሌስትራው በግልጽ የሞተባችሁ ሰዎች፣ እባካችሁ ወደ ከሰሉ አትሂዱ። አንድ ሁለት ወር ጠብቁና ያገለገለ ጥንድ ፈልጉ። እስከዚያ ውሃ ሳትሞሉ፣ ፖርቶ መጋላውን አራግፋችሁ ንዱ።

ጓሳንና መሐል ሜዳን የምታዘወትሩ፣ ልጆች የምትጭኑ፣ አዲስ መደበኛ ጥንድ ነው። በሚዛኑ ጠርዝ ላይ ከሆናችሁ ከባዱ። መኪናዋን ለእንግዳ የምታከራዩና አንድ ቀን ባዶ፣ አንድ ቀን ሙሉ የምትሆን ከሆነ አዲስ መደበኛው ላይ የአየር ባሎን ጨምሩ፣ ትርፍ ቱቦም ያዙ።

ከገጠማችሁ በኋላ የመጀመሪያውን 500 ኪሎ ሜትር ወይም የመጀመሪያውን የኮረኮንች ጉዞ ስትጨርሱ የዩ ብሎኖቹን ዳዶ እንደገና አስጠብቁ፣ አዲስ ባሌስትራ ቅጠሎቹ እስኪቀማመጡ ይላላል። ክረምት ሲወጣ በቅጠሎቹ መካከል የገባውን ጭቃ በውሃ ግፊት አሳጥቡ፣ ደርቆ ሲቀር ዝገት ያዝልበታል። የለካችሁትን አራት ቁጥር ከቀኑ ጋር በመኪናዋ በር ውስጠኛ ክፍል ላይ ለጥፉት። እኔ በየስድስት ወሩ እለካለሁ። የኔዋ ቀኝ ኋላ አዲሱ ባሌስትራ ከገባ ጀምሮ የወረደው ስድስት ሚሊ ሜትር ነው።